የአክስቴ በር ካርታ ላይ የገባ ጊዜ

ማንበብ የተማርኩት ለስኳር ብዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ቀልድ እያወራሁ አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳን ገና አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ የእኛ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ላላሳየ ነጋዴ ስኳር አላከፋፍልም አለ። እኔ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ ክር፣ መርፌ፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና የልብስ ሳሙና እሸጥባታለሁ። ስኳር የሌለበት ሱቅ ደንበኛ ሰላም ብሎት የሚያልፈው ሱቅ ነው። ስለዚህ ጎልማሳው ሰውዬ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩና «ሀ» አልኩ።

ፊደል ቆጥረን ስንጨርስ አብዛኛው ሰው ስኳሩን ይዞ ቀረ። እኔና ጥቂት የገበያ ሰዎች ግን ማታ ማታ መምጣታችንን ቀጠልን። ያቆየን ስኳር አልነበረም፤ ጂኦግራፊ የሚያስተምረን መምህር ነው።

በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ቀጭን፣ የሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው ነበር። እኔ መምህር ነውና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እሱ «ወንድሜ» ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን ከመንግሥት የተሰጠውን መጽሐፍ ገለጠው። የዓለም ረጃጅም ወንዞች ስም ተደርድሮ ነበር። ትንሽ አየውና ዘጋው።

«ዛሬ ምሳ ምን በላችሁ?» አለን።

ከመካከላችን ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ምላሳቸው ከሚዛናቸው የፈጠነ ነው።

«መምህር፣ ያልበላነውን ሊያበሉን ነው?» አሉት።

«አላበላም እትዬ። የበሉት ከየት እንደመጣ ብቻ ይንገሩኝ።»

ዓሣ የበላው ከሐይቁ አለ። ቆጮ የበላው ከወንዶ በኩል አለ። ጨውስ? ጨው ከሰሜን ይመጣል አልን። የቆጮው ቢላዋስ? የዓሣው ዘይትስ? ሰሌዳው መሐል አንዲት ነጥብ አደረገና «ይህች እናንተ ናችሁ» አለ። ከዚያ በተናገርን ቁጥር አንድ መስመር ወደ ነጥቧ ይስባል። ሲጨርስ ሰሌዳው የሸረሪት ድር መሰለ።

«ይህን ሁሉ ታውቁት ነበር» አለን። «አንዱን ከአንዱ አጠገብ አስቀምጣችሁ ግን አላያችሁትም።»

ለሌላው ሰው ይህ ተራ ነገር ይሆናል፤ ለነጋዴ ግን አይደለም። ክረምት ሲገባ ጨው እንደሚወደድ አውቅ ነበር፤ የሚወደድበትን ምክንያት ግን እንደ ዝናቡ ከላይ የሚመጣ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ያን ማታ የጨውም፣ የክብሪትም፣ የሳሙናም መስመር በአንድ ድልድይ ላይ እንደሚያልፍ አየሁ። ድልድዩ ክረምት ክረምት ምን እንደሚሆን ደግሞ ሾፌሩ ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዓመት ግንቦት ላይ ጨዌን አስቀድሜ ገዛሁ። እንዲህ ያለውን ትምህርት በምን አንጀቴ ልተወው?

ሌላም ልማድ ነበረው። ክፍል ስንገባ በር ላይ ቆሞ ጫማችንን ያያል። «አንተ ዛሬ ሐይቁ ዳር ነበርክ፤ ጭቃህ ጥቁር ነው። አንተ ደግሞ ቡና አገር ውለህ መጥተሃል፤ ቀዩን አፈር ተሸክመኸዋል።» አንድ ቀን እትዬ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡ። «ገበናዬን ውጭ ትቼው መጣሁ» አሉት። መምህሩ ያለ ድምፅ ሳቀ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታቦር ተራራ ላይ አወጣን። የከተማው ሰው «ነጋዴው ሁሉ ወዴት ይወጣል?» ብሎ ቆሞ ያየን ነበር። ጫፍ ላይ ስንደርስ «ቤታችሁን ፈልጉ» አለን። ይህን ያህል ዓመት የኖርኩባት ከተማ ጠፋችብኝ። በኋላ ነፋስ እንዳይወስደው ቆርቆሮዬ ላይ የጫንኩትን ጎማ አየሁና እንደ ልጅ ጮህኩ። ከዚያ በጣቱ አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አሳየን። ሣሩ ደርቆ ሳለ እዚያ ላይ ብቻ ለምልሟል።

«የውሃ ቧንቧው የተቀበረበት ነው» አለ። «እስቲ በዓይናችሁ ተከተሉት።»

ተከተልነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ መጣ፣ በሹማምንቱ ቤቶች ጀርባ አለፈ፣ ወደ እኛ ሰፈር ሊደርስ ሲል ታጠፈ።

«ለምን ታጠፈ?» አለን።

«መሐንዲሱ ደክሞት ይሆናላ» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «ይህን ጥያቄ ለእኔ ሳይሆን ለቀበሌው ነው የምታቀርበው ወንድሜ። ዜጋ ማለት ይጠይቃል። ሲጠይቅ ግን ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።»

በሚቀጥለው ሳምንት የውሃ ካርታ ሠራን። ክሩ ከእኔ ሱቅ ነው የመጣው። የትምህርት ቤቱ ግቢ መሬት ላይ ሰፈሩን በጠጠር ሠራንና እያንዳንዳችን ከቤታችን ውሃ እስከምንቀዳበት ድረስ ክር ዘረጋን። ከዚያ ክሩን አንስተን ጎን ለጎን ሰቀልነው። የአንዳንዱ ከሌባ ጣት አያልፍም፤ የእትዬ ክር መሬት ላይ ተጎተተ። ሴትየዋ ክራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው ዳበሱት። «ለካ ይህን ያህል ነው ወገቤን የቆረጠኝ» አሉ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

በዚያ ዘመን ቡና የሚሸጠው ለመንግሥት ብቻ ነው፤ እህልም ከቦታ ቦታ እንደልብ አይንቀሳቀስም። በየከተማው መግቢያ ኬላ አለ፤ ጭነት ይበረበራል። ቡና የሚበቅልበት አገር አፍንጫ ሥር ተቀምጠን ቡና በሲኒ ልክ ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚሰፈርልን። የክርና የክብሪት ትርፍ ደግሞ የክርና የክብሪት ያህል ነው። እንግዲህ ቤቴን የምታኖረው በሁለት አህያ ተጭና፣ በጎመን ተሸፍና የምትገባዋ ቡና ነበረች።

ኮንትሮባንድ በጨለማ ነው የሚል ሰው ነጋዴ ሆኖ አያውቅም። በጨለማ ጥበቃው ንቁ ነው። እኔ የምገባው በቀትር፣ ጥበቃዎቹ ምሳ በልተው ጥላ ሲፈልጉ ነው። ኬላው ሳይደርስ ከአስፋልቱ እወጣለሁ፣ በአላሙራ ተራራ ጀርባ እዞራለሁ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ከብቶች ጋር ተቀላቅዬ ከተማ እገባለሁ። መንገዴን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ጤፍ የሚያመላልሰውም፣ ማታ አብሮኝ የሚማረው ወዳጄ የራሱን ለእኔ አልነገረኝም። መንገድህ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ በእኛ ዘንድ ባለጌ ነው።

ታዲያ አንድ ማታ መምህሩ «ዕቃ ወደ ከተማችን በየት በየት ይገባል?» ብሎ በትር ሰጠን። አፈር ላይ ሣሉ አለን። መጀመሪያ ሁላችንም አስፋልቱን ሣልን፤ እንደ ጨዋ። እሱ ጎንበስ ብሎ አየና «ይህን እኮ ሾፌሩም ያውቀዋል» አለ። በቃ፣ ያቺ ቃል ጨረሰችን። የጤፉ ነጋዴ በትሩን አነሳና አንዲት ቀጭን መንገድ ሣለ። እኔ አየኋት፤ ረጅም መንገድ ናት፣ ሞኝ መንገድ ናት። ዝም ብዬ እንዴት ልለፈው? «ይኼማ ለአህያ ጡረታ ነው» አልኩና የእኔን ሣልኩ። እሱ ተናደደና ሌላ አቋራጭ ጨመረ። እኔ ተራራውን በድንጋይ ሠራሁ፣ ረግረጉን በውሃ አረጠብኩ፣ ጥላ የሚገኝበትን ዛፍ በቅጠል አቆምኩ። ለሚስቶቻችን የደበቅነውን ለአፈር ዘረገፍነው።

እትዬ ግን በትሩን አልነኩም። «የእኔ መንገድ እግሬ ላይ ነው» አሉ። «እግሬን አላውስም።»

መምህሩ ዞሮ ዞሮ አየው። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም። «እናንተ ሰዎች» አለ፤ «እኔ ይህን በኮሌጅ አልተማርኩትም።» ከዚያ በእግራችን አጠፋነው፤ ልማዳችን ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ፣ አያይዞ፣ ትልቅ ወረቀት አድርጎ መጣ። ዝናብ ሊገባ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከአፈር ጋር መጥፋት የለበትም፣ ወረቀት ላይ ይስፈር አለን። 

«መምህር» አልኩት፣ «አፈር አይናገርም። ወረቀት ግን...»

«ከዚህች ቁም ሣጥን አይወጣም» አለኝ። የክፍሉን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «በእኔ ይሁንብህ ወንድሜ። ቃሌ ነው።»

ነጋዴ ነኝ፤ ቃል ሰምቼ ዕቃ አልሰጥም። የእሱን ግን ተቀበልኩ። ሰው አዋቂ ነህ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ እሱ ብሎኝ ነበር።

ስንሥል ደግሞ «ስም የሌለውን ቦታ ስም ስጡት» አለን። በመንገዴ ላይ አህያ አንድ በአንድ እየተጎተተ የሚያልፍባት በሁለት ቋጥኝ መሐል ያለች ጠባብ ክፍተት አለች። «የአክስቴ በር» ብዬ ጻፍኩባት። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንግዳ እንዳይበዛባት ብላ ሰው በጎኑ የሚገባባት በር ነበር ያሠራችው። ይህች ስም ከዚያ በፊት አልነበረችም፤ እዚያው በእጄ ስጽፍ ነው የተወለደችው። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት።

ከዚያ የውሃውንም ካርታ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጠን የቀበሌ ስብሰባ ገባን። መፈክሩ ካለቀ በኋላ መምህሩ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ተነሣሁ። ሊቀመንበሩ ሆዱን መድረኩ ላይ ያስደገፈ ሰው ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ ካርታውን ዘርግቼ፣ «ቧንቧው እዚህ ድረስ ቀጥ ብሎ መጥቶ እዚህ ጋ ይታጠፋል። ለምን እንደታጠፈ ልንጠይቅ ነው። የታጠፈበት ቦታ የእርስዎ ጓሮ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥልጣን ፊት ቆሜ ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ ነበረኝ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማነው ይህን ያስተማራችሁ?»

መምህሩ እጁን አነሳ።

«ጎበዝ» አለ ሊቀመንበሩ። «ካርታው ይቆይ። መምህር፣ ነገ ቢሮ ብቅ በል።»

በሚቀጥለው ትምህርት መምህሩ ጫማችንን ሳያይ አሳለፈን። መጽሐፉን ገለጠና ረጃጅም ወንዞችን አስጻፈን። ሚሲሲፒ፣ አማዞን፣ ያንግሴ። እትዬ «መምህር፣ ይኼ ሚሲሲፒ በየት በኩል ነው ገበያ የሚገባው?» አሉት። «ቀጥሉ፣ ጻፉ» አለ። አመመው መሰለኝ። ደክሞታል፣ ስብሰባ በዛበት ብዬ አዘንኩለት። እኔ ነኝ ያዘንኩለት።

ሁለት አህያዬን ይዤ የአክስቴ በር የደረስኩት በዚያው ሳምንት ነው። ቀትር ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደወትሮው። የመጀመሪያዋን አህያ ጎትቼ አሳለፍኩ። ሁለተኛዋ መሐል ላይ ስትደርስ ከቋጥኙ ጀርባ ሁለት ታጣቂዎች ወጡ። አንደኛው ገና ልጅ እግር ነው፤ ለጓደኛው በደስታ እንዲህ አለው፦

«ይኸውልህ፣ አላልኩህም? የአክስቴ በር ያሉን ይኼ ነው።»

ጠመንጃውን አይቼ አልነበረም የደነገጥኩት። ስሙን ሰምቼ ነው። ይህች ስም በዓለም ላይ የተጻፈችው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

«አክስትህ የለችም እንዴ?» አለኝ ትልቁ፣ ጎመኑን በጠመንጃው አፈሙዝ እየገለጠ። «ቡና አፍልታ ትጠብቀናለች ብለን ነበር።»

 አህዮቹንም እኔንም አስቀድመው ወደ ከተማ ነዱን። በእስር ቤቱ በር ስገባ የጤፉ ነጋዴ ቀድሞኝ ተቀምጧል። አየኝና «ያንተስ መንገድ የአህያ ጡረታ አልነበረም፣ ለምን መጣህ?» አለኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክረምቱ እዚያ አለፈ። ቡናው ተወረሰ፣ አህዮቹ ተወረሱ፣ ሱቋ ታሸገች። ሚስቴ ቤታችን በር ላይ ሳሙና በቁራጭ እየሸጠች ምግብ ታመጣልኝ ነበር። ለአንድም ቀን መንገዱን ለምን አልነገርከኝም አላለችኝም፤ እንደምታውቅ ግን ከዓይኗ አነብ ነበር። ለእሷ ያልነገርኩትን ለማን ነግሬ እንደተያዝኩ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ነበርና።

ከእስር የወጣሁ ቀን ቤት ስገባ ውሃ አቀረበችልኝ። ጠጣሁት። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው።

«ከየት ነው?» አልኳት።

«ከቦኖው።»

«ከየትኛው ቦኖ?»

በበሩ በኩል በጣቷ አሳየችኝ። በውሃ ካርታችን ላይ የሁላችንም ክር የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ልክ ጣቴን ካሳረፍኩበት ጓሮ አጠገብ፣ አዲስ ቦኖ ቆሟል። ሴቶች ጀሪካን ደርድረዋል። እትዬም ተሰልፈው አገኘኋቸው።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ልበልህ፣ ወገቤ ተሽሎኛል። ስቀዳው ግን አንተ ትታየኛለህ» አሉ።

በእግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህሩ ሰሌዳ እያጠፋ ነበር። ሲያየኝ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው?» አልኩት። «እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እንዲወጣም አላስገደድኩትም።

ለመካድ አልሞከረም፤ ይህን ልመስክርለት። ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሊቀመንበሩ ሌላ ምን ይሥላሉ ብሎ ጠየቀኝ» አለ። «የሆነ ሰው ነግሮት ነበር። የመንገዱን ካርታ ካመጣህ ቦኖው በወሩ ይቆማል፣ ካላመጣህ ቦኖም የለም፣ አንተም እዚህ አታስተምርም አለኝ። አንድ ሰፈር ሙሉ ውሃ አለ በአንድ በኩል። በሌላው በኩል ደግሞ...»

«በሌላው በኩል እኔ።»

«መዘንኩት ወንድሜ። አልዋሽህም፣ መዘንኩት።»

«ሚዛን የእኔ ሙያ ነው» አልኩት። «ስትመዝን እኛን ለምን አልጠራኸንም?»

አልገባውም። አየኝ።

«ብትጠይቀን እኮ እንሰጥህ ነበር። በማግስቱ መንገዳችንን እንቀይራለን፣ ካርታውን ጠቅልለን በአክብሮት ለሊቀመንበሩ እንሰጠዋለን። እሱም ካርታ ያገኛል፣ ሰፈሩም ውሃ ያገኛል፣ እኔም ሁለት አህያ ይኖሩኝ ነበር። ለዚህ ኮሌጅ አያስፈልግም። ዜጋ ይጠይቃል እያልክ ዓመት ሙሉ አስተማርከን። አንተ ግን የመጠየቅ ተራው ሲደርስህ እኛን አልጠየቅክም።»

ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ መግለጽ አልችልም። ይህ ሐሳብ ፈጽሞ መጥቶለት አያውቅም ነበር። ያም ነው ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አዋቂ ናችሁ ሲለን የኖረው ሰው፣ ነገሩ ሲከር ከእኛ ምክር ይገኛል ብሎ አላሰበም። ወረቀቱን ፈለገ፤ የሣሉትን ሰዎች አልፈለገም።

ትምህርቱን ተውኩ። ግን የተማሩትን መመለስ አይቻልም። አንድ እሑድ ብቻዬን ታቦር ላይ ወጣሁና ተቀመጥኩ። ከተማዋ ከሥሬ ተዘርግታለች፤ ቦኖው ጋ ነጠላ የለበሱ ሴቶች እንደ ጥጥ ብናኝ ይታያሉ። ዓይኔን ወደ አላሙራ አዞርኩ። እሱ እንዳስተማረኝ፣ አንዱን ነገር ከአንዱ አጠገብ አስቀምጬ፣ ውሃው የት ይወርዳል፣ ከብቱ የት ይውላል፣ ጥላው በቀትር የት ያርፋል እያልኩ አየሁ። ቆይቶ ሌላ እጥፋት ታየኝ። ከፊተኛው የሚያጥር፣ ከኬላው የሚሸሸግ። ስም አላወጣሁለትም።

ሱቋ ከተከፈተች ከረጅም ጊዜ በኋላ መምህሩ ክር ሊገዛ መጣ። ጥቁር ክር ነው የፈለገው። ትንሽ ሽበት ጣል አድርጎበታል። ክሩን ከመደርደሪያ ሳወርድ እንደ ድሮው በመጓጓት፣

«አሁን በየት ነው የምትገባው?» አለኝ።

«በአስፋልቱ» አልኩት።

ዓይኑ ሳይፈልግ ወደ ጫማዬ ወረደ። ያን ቀን ቀትር ላይ ነበር የተመለስኩት፤ ቀዩ አፈር እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ አለ። ከየት እንደመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«አስፋልቱ ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ክሩን ጠቀለልኩለት። ሂሳቡን እንደማንኛውም ደንበኛ ተቀበልኩት፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትምም። ሲወጣ ወደ ቦኖው በኩል ታጠፈ፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ አራገፍኩ።